ጋሽ ሽጉጤ የት ይቀበሩ?

በስደት አገር፣ ዛንድስፕሩት በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ ሐበሻ የሚባል ባልታየበት ዘመን፣ የሚሸጡትን ብርድ ልብስ በትከሻቸው ቆልለው የየቆርቆሮ ቤቱን በር ያንኳኩት የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ሽጉጤ ናቸው። ውሻ የለቀቀባቸውንም ሻይ ያጠጣቸውንም እኩል እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። ቆይተው አንድ አሮጌ ኮንቴይነር አቆሙና ሱቅ ከፈቱ። ከሆሳዕና የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የተኛው እዚያ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ነው። ዛሬ በመኪና የሚንፈላሰሰው ሁሉ ጀርባው ቢታይ የጆንያው ጥለት አይጠፋበትም።

የእህታቸው ልጅ ድንቅነሽም የጀመረችው ከዚያው ነው። ልባቸው መድከም ሲጀምር ሱቁን ለእሷ አስረከቡ፤ አስረክበውም ከደጃፉ አልተነሱም።

«ስሚ ድንቄ፣ ስሞት እዚሁ ቅበሩኝ» አሏት አንድ ቀን ከሰዓት።

«ምን ሟርት ነው ጋሼ!»

«ሟርት አይደለም። ሱቃችንን በዘረፉ ቁጥር ‹ወደ አገራችሁ ሂዱ› ይሉናል፤ እኛም ሬሳችንን እየጫንን እሺ እንላቸዋለን። ይህን ሁሉ ዘመን ኖረን እዚህ አንድ መቃብር የለንም። መቃብር የሌለው ሰው እኮ እንግዳ ነው።»

«እሺ» አለች። ቃል ሰጠች።

በሐምሌ ብርድ አረፉ። በሐበሻው ዘንድ እዚህ ይቀበር የሚባለው ዘመድ የሌለው ብቻ ነው፤ ለተከበረ ሰው አዋጥቶ ሬሳውን አገር ቤት መላክ ማንም የማይጠይቀው ወግ ነው። የሐበሾቹ ማኅበር ሰብሳቢ አምላኩ ለቀስተኛው ፊት ቆመና «ጋሽ ሽጉጤን የሚያህል ሰው በሰው አገር አይጣልም!» አለ። ሁሉም «እውነት ነው» አለ።

ድንቅነሽ ልትናገር ተነሳች። ወዲያው ‹ሱቁን ወርሳ ለሬሳው ሰሰተች› የሚለው ሐሜት ታያትና ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ጸጸት ግን ይገባል፤ ከገባም አይወጣም።

ሬሳው በተላከ ማግስት፣ ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩት የአገሬው አሮጊት፣ ሰፈሩ ‹ጎጎ›፣ አያቴ፣ የሚላቸው ጎጎ ታንዲ፣ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ የለቅሶ ሻርፓቸውን ደርበው መጡ።

«ሳውቦና፣ ልጄ» ብለው በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጧት። «ቀብሩ መቼ ነው? አፈሩን ወንዶቻችን ይቆፍራሉ።»

«ጎጎ... ትናንት ወደ አገራቸው ላክናቸው።»

አሮጊቷ የሰሙትን ያላመኑ ይመስል ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

«ባሌ ሲሞት አካፋ ይዞ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የልጄንም ጉድጓድ ቆፍሯል። የእሱ ተራ ሲደርስ እኛ ነበርን የምንቀብረው። ለምን ከለከላችሁን?»

ድንቅነሽ ይቅርታ ልትላቸው ፈለገች፤ እንደገና ግን ነጠላዋን አጣፋች። የከለከለቻቸው እሷ መሆኗን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።