ታጥበው የተደፉት

ጡንቾ ያሉት ገና በልጅነቱ፣ ከሲታ ስለነበረ ነው፤ ቤተሰብ ሲያሾፍ እንዲህ ነው። በኋላ በሽታ ጡንቻውን እያሟሸሸ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲያውለው፣ ቅጽል ስሙን የሚያነሳለት አልተገኘም።

ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። «ከጭኑ ወስደን ያሳደግነው ጡንቻ በአዲሱ መድኃኒት በርትቶ ከተኮማተረ፣ መድኃኒቱን ይጀምራል። ካልሆነ ግን መድኃኒቱ ልብ ስለሚጎዳ፣ ልቡን በከንቱ ማስጨነቅ ነው።»

የጡንቻውን ጉልበት የምትለካው፣ ላቦራቶሪ የምትሠራው ታላቅ እህቱ ነበረች። የልኬቱ ቀን እናትና ጡንቾ ላቦራቶሪ ድረስ መጡ። ክር የምታህል ጡንቻ በሁለት ለስላሳ ምሰሶዎች መካከል ተወጥራ ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጣለች። ምሰሶው ጫፍ ላይ ካለች ቅንጣት መስታወት ቀይ ብርሃን ነጥሮ ግድግዳው ላይ ነጥብ ሠርቷል። ጡንቻዋ ስትኮማተር ምሰሶው ይጎብጣል፤ ነጥቧም ትዘላለች።

ዘለለች። ደግማ ዘለለች።

«ተመስገን!» አለች እናት።

«እታለም፣ ይሄ ሁሉ ጉልበት የኔ ነው?» አለ ጡንቾ። «ማንኪያ ሲከብደኝ ታዲያ የት ሄዶ ነው?»

«ያንተው ነው። ሳህኑን ቆንጥጠው የያዙትን ሴሎች ነው ያሳደግኩት።»

«ያልያዙትስ?»

«አጥበን እንደፋቸዋለን። ሁሌም እንዲሁ ነው የሚሠራው።»

«ብዙ ነበሩ?»

ማስታወሻዋን ገለጠች። ከጤነኛ ሰው ሲወሰድ የሚደፋው ጥቂት ነው። ከእሱ ግን አብዛኛው ታጥቦ ሄዷል፤ ነጥቧን ያዘለሏት የተረፉት ጥቂት ብርቱዎች ናቸው። እጇ የለመደውን ሠራ እንጂ ልቧ አላሰበም።

«በቃ አትቆፍሪው» አለች እናት ነገሩ ገብቷት። «ሐኪሙ ይህቺን ነጥብ ካየ ይበቃዋል።»

«መድኃኒቱ ልቡን ቢያቆመውስ፣ እማዬ?»

«እሱን ለፈጣሪ ተይው።»

አልተወችውም። ከጭኑ ተወስዶ ከተረፈው ናሙና ሳታጥብ፣ ሳትመርጥ፣ ደካማውንም ብርቱውንም አንድ ላይ አሳደገች። መድኃኒቱን ጨምራ ብርሃኑን ስታበራ ሐኪሙም፣ እናትና ጡንቾም አዩ፤ ነጥቧ እንደ ሚስማር ተተክላ ቀረች። ሐኪሙ «መድኃኒቱ አይጀመርም» ብሎ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

«እናንተ ቆማችሁ አያችሁ፣ እኔ ግን ተቀምጬ ነው» አለ ጡንቾ። «ይቺኛዋ ናት እኔን የምትመስለው።»

የሳቀ የለም።

«ብትዋሺ ኖሮ እግዜር ይቅር ይልሽ ነበር» አለች እናት ሴት ልጇን ሳታይ። «እኔ ግን እውነትሽን ይቅር አልልሽም።»

ወንበሩን ገፍታ ወጣች። አሳንሰሩ ደጃፍ ላይ የፊት ጎማው ተሰነቀረ። እህት ልታነሳ ሮጠች።

«ተይ፤ እኔ እገፋዋለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጡንቾ ወደ እህቱ አልዞረም። መዞር አይችልም ነበርና።