የውቂያ ሰሞን ምሳ

ራሕመት ቡርንስቪል ከተማ የሚኖሩትን ሚስተር ሌስተርን ቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ከጀመረች ወዲህ እንደ ምሳ ሰዓት የሚያስጨንቃት ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሳህን ሲቀርብላቸው ግን አንዴ ሁለቴ ጎረስ አድርገው ይገፉታል። ልብሳቸው ሁሉ ሰፋቸው። አሪዞና ያለችው ልጃቸው በየቀኑ እየደወለች፣ "ዛሬስ በላ?" ትላለች።

አንድ ቀን የዶሮ ሾርባው እንዳለ ሲመለስ ራሕመት ግራ ገባትና፣ "እርሻ ላይ ሳሉ ምን ነበር የሚበሉት? እሱን ልሥራልዎት" አለቻቸው።

የሌስተር ፊት በራ። "በአጃ ውቂያ ሰሞን ብታዪን" አሉ። "የመውቂያ ማሽኑ ለስምንት ቤተሰብ አንድ ነበር። ዛሬ የእኛን ወቅተን ነገ የጎረቤትን ልንወቃ እንሄዳለን። ነዶ ስንጭን አርፍደን፣ ምሳ ሲደርስ ሃያ ሰው አንድ ገበታ ላይ ነው። እናቴ ሁሉም ሳይቀመጥ ማንንም አታስነካም።"

"ይኼማ ወንፈል ነው" አለች ራሕመት ሳቅ ብላ። "ወሎ አባቴም ከጎረቤቱ ጋር እየተጋገዘ ነበር የሚያጭደው። የእናንተ ታዲያ እንዴት ቀረ?"

"አባቴ ራሱ አጭዶ ራሱ የሚወቃ ኮምባይነር ገዛ። ጎረቤቶቻችንም ገዙ። በዚያ በጋ አዝመራውን እኔ፣ አባቴና ወንድሜ ብቻ ሰበሰብነው። እናቴ ግን እጇ ለምዶ ለሃያ ሰው ሠርታ ጠበቀችን። ያን ቀን ማንም አላወራም።"

ችግሩ ከምግቡ እንዳልሆነ ራሕመት ያኔ ገባት። ልጃቸውን ደውላ አስፈቀደች። ቅዳሜ ባሏን ዘይኑዲንንና ልጇን ኢሽራቅን ይዛ መጣች፤ ከእነሱ ቤት በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረውን የጭነት መኪና ሹፌር ሆርዶፋንም ጠራችው። ዶሮና ድንች ጠበሰች፣ ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን ያለ በርበሬ።

ገበታው ቀርቦ ሌስተር ሹካቸውን አላነሡም።

"አንድ ሰው ይቀራል" አሉ።

ሆርዶፋ ከሥራ እስኪገባ ተጠበቀ። ከዚያ ሌስተር በሉ። እየበሉም ከዘይኑዲን ጋር በነዶ አስተሳሰር ተከራከሩ፤ ኢሽራቅ በመሀል ሆና ለሁለቱም ታስተረጉማለች።

"ዶሮው ትንሽ ደርቋል" አሉና ሌላ ቁራጭ ጨመሩ።

ራሕመት ወደ ማቀዝቀዣው ዞር አለች፤ ፈገግታዋን እንዲያዩባት አልፈለገችም።

ምሳው አብቅቶ ሳህን ማጠብ ስትጀምር ሌስተር ፎጣ ይዘው አጠገቧ ቆሙ። ቁጭ እንዲሉ ብትለምናቸው እምቢ አሉ።

"እኛ በልተን ወደ ማሳው ስንመለስ፣ ያን ሁሉ ሳህን እናቴ ብቻዋን ነበር የምታጥበው" አሉ። "አንድም ቀን ላግዝሽ ያላት አልነበረም።"

ራሕመት መቆሙ እንዳያደክማቸው ወንበር ስባ አቀረበችላቸው፤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ሳህን በጥንቃቄ አደረቁ።