የመውጫው ንጣፍ

መንገዱ ጫፉ ግንብ ነው። የገባ ሁሉ በገባበት ይወጣል። አንድ መኪና ሲያልፍ እግረኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ወደ መውጫው ግድም፣ ሁለት የኮንክሪት ንጣፎች በሚገናኙበት ላይ አንደኛው ሰምጦ ሌላው ከፍ ብሏል። መኪና ሲያልፍበት ጓ! ይላል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጥርሱ ይጋጫል።

እናትየዋ ይህን ጓታ ችላው ኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው ሴት ልጇ ከነባሏ ለመታረስ እሷ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣች። ሐኪሙ የደም ግፊቷ ከፍ ስላለ ብዙ እንዳትራመድ፣ ምጥ ሲጀምራትም ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲያመጧት አዟል። ከዚህ ሁሉ ትእዛዝ እናትየዋ ጆሮ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ያንን ሆድ ይዛ በዚያ ጓታ ላይ ታልፋለች።

«አንተ ሰው» አለችው ባሏን። «የሰው መንገድ ስትጠግን ትውላለህ፤ ልጅህ እደጃፍህ ላይ ልትዘረገፍ ነው።»

ባሏ የኮንክሪት መንገድ ጥገና ፎርማን ነው። የራሱን ሰፈር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ ፎርማኑ በሩን አሳመረ እንዳይባል።

«ተራው ሲደርስ ይሠራል።»

«ምጥ ተራ ይጠብቃል?»

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ስታጃውን ይዞ መጣ። ረጅሙን፣ ቀጥ ያለውን አሉሚኒየም በመገጣጠሚያው ላይ አጋድሞ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ለካ። ሰንሰለት መሬት ለመሬት እየጎተተ ድምፁን አዳመጠ። ደህናው ቦታ ላይ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ መገጣጠሚያው አጠገብ ሲደርስ ባዶ በርሜል እንደተመታ ዱም ዱም ይላል። ከዚያ የቆሻሻ መኪናው እስኪያልፍ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ጎማው ንጣፉን ሲረግጠው ከስንጥቁ ጭቃ ያዘለ ውሃ ፊጭ ብሎ ሱሪውን አበላሸው።

«ከሥሩ አፈሩ ታጥቦ ሄዷል» አለ እየተነሳ። «ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ ከሥር ገፍተን ባዶውን እንሞላና ላዩን በማሽን እንሞርደዋለን፤ በዚያው ቀን መኪና ያልፋል። ሁለተኛው ቆርጦ አውጥቶ እንደ አዲስ መሙላት ነው፤ ጥጉ ስለተሰነጠቀ መውጣቱ አይቀርለትም። ግን እስኪጠነክር መንገዱ ይዘጋል። እኔ አሁን የመጀመሪያውን፣ ከወለደች በኋላ ሁለተኛውን አደርግ ነበር።»

«መለጣጠፍ በለኛ! ለሰው ቆርጠህ ትሞላለህ፣ ለልጅህ ትለጥፋለህ? ቀኗ ገና ነው።»

ፎርማኑ ከኮንክሪት ጋር እንጂ ከሚስቱ ጋር መከራከር አይችልበትም። መሥሪያ ቤቱም የጥጉን ስንጥቅ አይቶ ፈቀደ።

ከሥራው ዋዜማ ጎረቤት ሁሉ መኪናውን ከመውጫው ወዲያ አውጥቶ አቆመ። ፎርማኑ ለልጁ ባልም እንደዚያው ነገረው። እናትየዋ በሩ ላይ ተገትራ ከለከለች።

«እዚያ ማዶ ማን ይጠብቀዋል? ጎማውን ፈተውት ቢያድሩስ? ልጄን በምን ልወስዳት ነው? እዚሁ፣ ዓይኔ ሥር ይቁም።»

ቆመ።

የተቆረጠው ንጣፍ እየተሰባበረ ወጣ፤ ሥሩ ተጠቀጠቀ። ሠራተኞቹ የጎረቤት ንጣፎችን ጎን በመሰርሰሪያ በስተው ለስላሳ ብረቶች ሰኩ፤ ብቅ ብሎ የቀረውን ግማሽ ግሪስ ቀቡት። እናትየዋ ውሃ ይዛላቸው መጥታ ነበር።

«ብረት ደግሞ ይቀባል? አይላቀቅም?»

«እንዲላቀቅ ነው» አለ ባሏ። «ኮንክሪት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል። ብረቱ ሸክሙን ያሻግር እንጂ ጨምድዶ አይያዘው፤ ከያዘው ይሰነጥቀዋል።»

በጉልበቱ ብዛት ክሬን ብለው የሚጠሩት ሠራተኛ የግሪሱን ቆርቆሮ አነሳ። «እትዬ፣ የተረፈ አለ። ትንሽ ልስጥዎት?»

«ምላስህ ላይ የጨረስከው መስሎኝ!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት ኮንክሪቱ ተሞላ። ፎርማኑ ራሱ ተንበርክኮ ላዩን በፍራታዞ ሲያስተካክል፣ ከቤት ውስጥ «እማ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እናትየዋ ያንን ድምፅ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። ገብታ አየቻት፤ ሮጣ ወጣች።

«ጀመራት! መኪናውን አውጡ!»

የልጅቷ ባል ቁልፉን ይዞ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። መኪናው ከንጣፉ ወዲህ፣ ዓለም ከንጣፉ ወዲያ።

«ይለፍ በላይ ላይ! ኮንክሪትህ ገደል ይግባ!»

«ገና ጭቃ ነው» አለ ፎርማኑ። «ጎማው ይሰምጣል። ልጅቷ መሐል ላይ ትቀራለች።»

«እንዲህ ይሆናል ብዬሽ አልነበረም?» አላላትም። ቢላት ይሻላት ነበር። ለልጅቷ ባል «አንተ በጎን እለፍና ከወዲያ ታክሲ ያዝ» አለው። ወደ ክሬን ዞሮ «ባለመደገፊያውን ወንበር አምጣ» አለ።

በእርጥቡ ኮንክሪትና በግንቡ መሐል ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ የውሃ መውረጃ ክዳን አለች። ክሬን ወንበሩን ከፊት ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከኋላ ሌላ ሠራተኛ ይዟል። ልጅቷ መሐል ላይ መደገፊያውን ጨብጣ ትተነፍሳለች። እናትየዋ ከኋለኛው ሠራተኛ ጎን ተሸጉጣ አንድ የወንበር እግር ይዛ አለቅም አለች።

«ቀስ! በስመአብ፣ ቀስ በሉ! ያዘነብላል!»

«እትዬ፣ የሚያዘነብለው እርስዎ ሲጎትቱት ነው» አለ ክሬን በጥርሱ መሐል።

«እማ» አለች ልጅቷ። «ልቀቂ። የምትነቀንቂኝ አንቺ ነሽ።»

ለቀቀች። መልቀቅ ስለማታውቅበት ሚዛኗን ሳትና አንድ እግሯ ኮንክሪቱ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባ። ስትስበው እግሯ መጣ፣ ጫማዋ ቀረ። ማንም አልሳቀም። ወንበሩ ወዲያ ማዶ ሲያርፍ ታክሲው በሩን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። እናትየዋ በአንድ ጫማ ገባች።

ሆስፒታል ስትቀመጥ ስትነሳ፣ ሲሚንቶ የለበሰ እግሯን ነርሷ በግድ አጠበችላት። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ደህና፣ ልጅም ደህና። ፎርማኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የታጠበች አንድ ጫማ በፌስታል አንጠልጥሏል።

«የት ነበርክ?»

«ቀዳዳውን ስሞላ።»

«ልጅህ ታምጣለች፣ አንተ የኔን ዱካ ትደፍናለህ?»

«ካልደፈንኩት ውሃ ይቋጥራል» አለ ጫማውን እያቀበላት። «ልጃችን ስትመለስ የምታልፈው በዚያ ነው።»

እናትየዋ ተቀበለችው። ጫማዋን አጠለቀች። ውስጡ ገና እርጥብ ነበር።

የልጅቷ የደም ግፊት እስኪወርድ ሆስፒታሉ አቆያቸው። በዚህ መሐል ንጣፉ ጆንያ ለብሶ ውሃ ሲጠጣ ሰነበተ። ለናሙና የተሞላው ኮንክሪት በማሽን ተሰብሮ ጥንካሬው ታየ፤ መንገዱን የዘጋው ሪባን ተነሳ። የልጅቷ ባልም ያቺኑ ታስራ የሰነበተች መኪና ይዞ ሊወስዳቸው መጣ።

ፎርማኑ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ። ወደ መንገዳቸው ሲታጠፉ እናትየዋ እንደ ልማዷ እግሯን ወደ ፊት ገተረች፤ ጥርሷን ነክሳ ሕፃኗን ከጭኗ ከፍ አድርጋ በሁለት እጇ አየር ላይ ያዘቻት።

«ቀስ በል» አለች። «ደረስን። ቀስ።»

«አልፈነው እኮ ነው» አለ የልጅቷ ባል።

ዞራ በኋላ መስተዋት አየች። ንጣፉ ከሌሎቹ ነጣ ብሎ ተኝቷል። ሕፃኗ አልነቃችም። እናትየዋ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች፤ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኛቻት።

«አንተ ሰው» አለች ኋላ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብላ። «ይቺ ከበራችን ፊት ያለችዋ መገጣጠሚያስ? ከፍ ያለች አልመሰለህም?»

ፎርማኑ አልዞረም።

«ተራዋ ሲደርስ» አለ።