ግራ ገቡ

«ታላቅ ወንድሙ እርስዎ ነዎት? መታደል ነው» አለ ሊያስተዛዝን የመጣው መምህር፣ የታላቅየውን እጅ እንደያዘ። «ታሪክ የሠሩ ሰዎች ከእኛ የሚለዩት በችሎታ አይደለም፣ ከውስጥ የሚገፋቸው ነገር አለ እያልኩ፣ የእሱን ነገር ሳላነሣ ያስተማርኩበት ዓመት የለም።»

ታላቅየው «እግዜር ይስጥልኝ» አለና እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ታናሹን ከቀበረ ወዲህ ጆሮው ከእሱ ውዳሴ ሌላ ነገር አልሰማም። እንባ ግን ጠብ አላለውም። ሰው «ድንጋጤ ነው» ይላል፤ እሱ ግን ቅናት መሆኑን ያውቃል። በሞተ ወንድም መቅናት! ለማን ይነገራል?

እህታቸው ሻይ ስታቀርብለት ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች።

«ጋሼ፣ ነገ ሰው ከመበተኑ በፊት ስለ እሱ የምትናገረው አንተ ነህ።»

«መምህሩ ይናገር።»

«አንተ እያለህ?»

«ምን ልበል? እበልጠው ነበር ልበል?»

እህቱ ትክ ብላ አየችውና ብርጭቆውን አስቀምጣ ሄደች።

ይበልጠው ነበር፤ ሐሰት የለውም። በአባታቸው የብረት ሥራ ቤት የታላቅየው እጅ ወርቅ ነበር። ታናሽየው ሞረድ ከያዘ ያበላሻል፤ ካበላሸ ደግሞ ከሀ ይጀምራል። አባታቸው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይስቁበታል። አንድ ቀን የብሎን ጥርስ ሲያወጣ አቅጣጫውን አሳሳተና፣ ብሎኑ በግራ ሲያዞሩት የሚጠብቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ታላቅየው ለሠራተኛው ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳየና «ልጁ ግራ የገባው፣ ብሎኑም በግራ የሚገባ!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጁ ስም ግራ ገቡ ሆኖ ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ብሎኑን ይጥለው ነበር። ግራ ገቡ ግን በኪሱ ይዞት ዞረ። ኋላ እግር ላጡ ሰዎች የሚታጠፍ የብረት ጉልበት ልሥራ ብሎ ተነሣ። የተለመደው ብሎን በእርምጃ እየላላ ሰው ሲጥልበት፣ ጥርሱን ነክሶ ሲፈታ ሲገጥም ከረመ።

«ጋሼ፣ ያንተ እጅ ያስፈልገኛል» ብሎ ለምኖት ነበር።

«እኔ የልጅ መጫወቻ አልሠራም» አለው ታላቅየው።

በመጨረሻ ግራ ገቡ ያንን የተሳሳተ ብሎን ገጠመው። ጉልበቱን የሞከረው ሰው ቢራመድ ቢራመድ ብሎኑ አልላላም። ጉልበቱ ባሕር ተሻግሮ፣ «ግራ ገቡ» የሚለው የማሾፊያ ስም የጉልበቱ መጠሪያ ሆኖ በማያውቋቸው ሐኪሞች አፍ ገባ። ታላቅየው የበር ማጠፊያ ሲሞርድ አረጀ።

በማግስቱ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እህቱ በዓይኗ ጠቀሰችው። እሱ ግን ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። እንደማይነሣ ሲያውቅ መምህሩ ሊናገርለት ከወንበሩ ተነሣ፤ ሆኖም አንድ እግሩ ከዳውና ተንገዳግዶ ግድግዳውን ያዘ።

«ይቅርታ» አለ አፍሮ። «ይህ ጉልበቴ የወንድምዎ ሥራ ነው። ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ላጥብቅልህ ብሎ ከነካካው ወዲህ ሊጥለኝ ነው።»

«በቀኝ አዙሮት ነዋ። ይቀመጡ።»

ታላቅየው ተንበረከከ። የመምህሩን ሱሪ ሰብሰብ አድርጎ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ጫፉን ብሎኑ አናት ላይ አስገባና በግራ አዞረው። ብሎኑ እየጠበቀ ሄደ።

«ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ላላግጥበት ብዬ። በጣም ነበር የምቀናበት።»

ብሎኑ ጠብቋል። ታላቅየው ሰንጢውን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ቀዝቃዛውን ጉልበት በሁለት እጁ አቅፎ ግንባሩን አስደገፈበት። መምህሩ እግሩን አላንቀሳቀሰም።