አንድ ጉዳይ ከነማስረጃው

የሆስፒታል ቤተ መጻሕፍትን ደረጃ የሚመዝነው ገምጋሚ ሲመጣ ወለሉን ወልውዬ መጨረሴ ነበር። ሳይደርቅ ረግጦት ገባ። ዱካውን ዞር ብሎ አየና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምንም አይደለም አልኩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ነው። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኘ፤ መደርደሪያዎቹን፣ ኮምፒውተሮቹን፣ መስኮቱ ሥር ያለውን አግዳሚ ወንበር። አግዳሚው ላይ አንድ ተለማማጅ ሐኪም ጫማውን አውልቆ፣ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጥሎ ተኝቷል።

የሆስፒታሉ ሰዎች ቤተ መጻሕፍታችንን «መኝታ ቤት» ይሉታል። የበሩ ዘበኛ ጠዋት ሲያየኝ አልጋዎቹን አነጠፍክ ወይ ይለኛል። ድሮ ሲለኝ እስቅ ነበር።

እኔ እዚህ አጸዳለሁ፣ መጻሕፍት እደረድራለሁ፣ የተገነጠለ እለጥፋለሁ። ከሁሉ የሚበዛው ግን መመላለሱ ነው። ሐኪሙ ከላይ፣ ከሕሙማን ክፍል ይደውላል። እንዲህ ያለ በሽተኛ አለኝ፣ ይህን መድኃኒት ብሰጠው ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል፣ ሌላ ቦታ ምን ተደርጎ ምን ተገኘ ብሎ ይጠይቃል። ኃላፊያችን ጥያቄውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ትጽፍና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ትፈልጋለች። ያገኘችውን አትማ በአቃፊ ትሰጠኛለች። እኔ ይዤ ደረጃውን እወጣለሁ። ሐኪሙ ይቀበለኛል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገበት ተመልሶ የነገረን የለም።

ኃላፊያችንን «እትዬ ዝምታ» ይሏታል። ድምፅ ከፍ ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ ስለምታደርግ ነው። ዕድሜዋ ከልጄ ብዙም አይርቅም፤ እኔም ግን እትዬ ነው የምላት። እሷ ጋሼ ትለኛለች። አንድ ልማድ አላት። አቃፊውን አድርሼ ስመለስ ያችን ቁራጭ ወረቀት ቀዳድዳ ትጥላታለች። የታመመ ሰው ገመና ጠረጴዛ ላይ አያድርም ትላለች። ማንም አላዘዛትም። እዚህ ከተቀጠረች ጀምሮ እንዲሁ ነው።

የግምገማው መጀመሪያ ደህና ሄደ። ገምጋሚው መጻሕፍቱን አገላብጦ የታተሙበትን ዘመን አየ። ኮምፒውተሮቹን ከፍቶ ሞከረ። ስለ ሥልጠናዋ ጠየቃት። በቀን ስንት ሰው ይጠቀማል ሲላት፣ የሚያንኮራፉትን ሳንቆጥር ነው ብላ መለሰችለት። ወደ አግዳሚው ዞር ብሎ አየና ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ጉዳይ ይበቃኛል አለ፤ ከነማስረጃው። ጠያቂው ማን ነበር፣ ምን ተገኘለት፣ የትኛውን ውሳኔ ቀየረ፣ በሽተኛው ምን ተጠቀመ። እሷም ብዙ አለ አለችው። እሱም ብዙ አያስፈልገኝም፣ አንድ ብቻ አሳዪኝ አላት። ያን ጊዜ ስለ ቁራጭ ወረቀቶቹ ነገረችው።

«ሁሉንም?» አለ።

«ሁሉንም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ገመና መጠበቅሽ መልካም ነው፣ ስማቸውን ቆርጠሽ ጥያቄውን ብታስቀሪው ግን ይቻል ነበር አላት። እንዲህ መሆን እንደሚችል አስቤው አላውቅም አለችው። አልተቆጣም። ብዙ ቦታ የሚዞር ሰው እንደሆነ ከዚህ አወቅሁ።

ስልኩን አንሥታ ወደ ሐኪሞቹ ደወለች። አንደኛው ሥራ ለቆ ሄዷል። አንደኛዋ የምጠይቅሽ ብዛቱ፣ የትኛውን አስታውሼ አለቻት። ሌላው ደግሞ ባታመጪልኝም አውቀው ነበር አላት። ሁሉንም በአንድ ቃና አመሰገነቻቸው። ስልኩን ዘጋችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ገምጋሚው የሚመጣውን ሳይሸፋፍን ነገረን። ያ ክፍል ባዶ ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃውን አያሟላም። ደረጃውን ካላሟላ ይዘጋል። አስተዳደሩ ክፍሉን ለክፍያ ቢሮ ቀድሞ ጠይቆታል። እሷ ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች። ሐኪም ጥያቄ ሲኖረው ራሱ ይፈልግ ይባላል። እኔም ዘበኛ ሆኜ አንድ በር ላይ እቆማለሁ ማለት ነው።

እትዬ ወደኔ አላየችም። ምን እያሰበች እንደነበረ የገባኝ ባለማየቷ ነው።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ላይኛው ፎቅ ታማ ተኝታ ነበር። ቆሽቷ ላይ እጢ ወጥቶባት። ቀዶ ጥገና ይደረግላታል ተብሎ ቀኑ ተቆርጧል። ልጄ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዳይጫናት ብላ ፊቱ በአዝራር የሚከፈት የሌሊት ልብስ ሰፍታላታለች። ቀዶ ሐኪሙ ከዚያ በፊት ወደ ታች ደወለ። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት፣ እጢው ትልቁን የደም ሥር የነካባት፣ ብትቀደድ ይጠቅማታል ወይ አለ። እትዬ የማን ባለቤት እንደሆነች ታውቃለች። ጻፈችው። ምሳ ሳትበላ ስትፈልግ ዋለች። አቃፊውን ስትሰጠኝ ዛሬ ሌላ ሰው ቢወስደው ምን አለ አለችኝ። ሥራዬ ነው አልኳት። ወሰድኩት። ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አነበበው። ገጹን አንዴ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አነበበ። ከዚያ ግባ አለኝና በሩን ዘጋ። ቀዶ ጥገናው ዕድሜ አይጨምርላትም፣ ሊቀንስባትም ይችላል፣ ስለዚህ ተሰርዟል አለኝ። ወደ ቤት ይዣት ሄድኩ። ዝናቡ ሳያቆም እቤቷ ሞተች።

ልጄ ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የምታናግረኝ። ምግቡ ቀርቧል፣ ውሃው ሄዷል፣ ቁልፉን አትርሳ። አንድ ቀን ብቻ ወጥ ቤት ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ የእናቴን የመጨረሻ ዕድል በእግርህ ወጥተህ አሰረዝክባት አለችኝ።

የተገነጠለ መጽሐፍ ስለጥፍበት የነበረውን ሙጫ ከደንኩና ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

«የባለቤቴን ጉዳይ ጻፉት» አልኩት ገምጋሚውን።

እትዬ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እኔ አልጠየቅሁዎትም።»

«አውቃለሁ፤ አልጠየቁኝም።»

ገምጋሚው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ሰማኝ። እስከ ዳር ድረስ አላቋረጠኝም። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ወጥቶ ጠይቆ ተመለሰ። ያስታውሳል፤ ወረቀቱን ባያይ ኖሮ ቀዶ ጥገናውን ያደርግላት እንደነበርም ተናግሯል። የቀረው የቤተሰብ ፈቃድ ነው አለ። የታካሚ ጉዳይ ሲጻፍ በአስታማሚነት የተመዘገበው ሰው መፍቀድ አለበት። የተመዘገበችው ልጄ ናት። ነገ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ፣ እስከዚያ ትምጣልኝ አለኝ።

ማታ ልጄ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም አገኘኋት። ሒሳብ ታስተምራለች። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ቀይ ብዕሯ ቆመ።

«ለክፍሉ ብለህ ነው፣ አባዬ?»

«ለክፍሉ ነው። ለኃላፊዋም።»

«እማዬ አሁን ደግሞ ማስረጃ ሆና ታገልግል ነው?»

ወደ ደብተሩ ተመለሰች። አንዱን አርማ ሌላውን ስትከፍት ቆሜ አየኋት፤ ከዚያ ለመተኛት ገባሁ። መብራት ካጠፋሁ በኋላ በሩን ሳትከፍት፣ ነገ እመጣለሁ፣ ግን መጀመሪያ ያን ወረቀት ራሴ አነበዋለሁ አለችኝ።

መጣች። የበሩ ዘበኛ አልጋ ልትይዢ ነው ወይ ብሎ ሊቀልድባት ጀምሮ ማን እንደሆነች ሲያውቅ ቆቡን አወለቀ። እትዬ ተነሥታ ተቀበለቻት። ልጄ ሰላምታውን አላስረዘመችም።

«ቀዶ ጥገና አይጠቅምም የሚለውን ስጪኝ። ይጠቅማል የሚል ካለም እሱንም።»

«አለ» አለች እትዬ። «ያን ቀን አቃፊው ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። የሚስማማውን ብቻ መርጬ አልክም።»

እንደገና ፈልጋ ሁለቱንም አተመችላት። ልጄ መስኮቱ ጋ ሄደች። ዛሬም እዚያ ተኝቶ የነበረው ተለማማጅ ሐኪም ነቅቶ፣ አፍሮ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። እሷ ተቀምጣ አነበበች። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት መዝገበ ቃላት ትገልጣለች። ሳይገባት ሲቀር ትጣራለች፤ እትዬ አጠገቧ ተቀምጣ በዝቅታ ታስረዳታለች። ቁጥሮቹን ግን ማንም እንዲያስረዳት አልፈለገችም። ጠርዙ ላይ በእርሳስ እያሰላች ሄደች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ገምጋሚው ዳቦና ሻይ አስመጣ፣ ለእሷም አስቀመጠላት፤ ሳትነካው ቀዘቀዘ። እኔ መጻሕፍት እየደረደርኩ አያት ነበር። ስታስብ እንደ እናቷ ታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች።

በአንደኛው ወረቀት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕሙማን ካልተደረገላቸው ይልቅ ትንሽ ሰንብተዋል። ግን ወጣቶች ነበሩ፤ እጢውም የደም ሥሩን አልነካባቸውም። በሌላኛው ደግሞ የነካባቸውም ነበሩ፤ ሳይቀደዱ የቀሩት ናቸው የሰነበቱት፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ልጄ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

«እናቴ ከየትኞቹ ናት?» አለች።

እትዬ ወደ ወረቀቶቹ ጎንበስ አለች። «እናትሽ ከሁለቱም ውስጥ የለችም፣ እህቴ። እዚህ ያሉት የሚመስሏት ሰዎች ናቸው።»

ልጄ ወረቀቶቹን አጠፈች። ወደ ውጭ አየች። ግቢው ውስጥ አንድ አስታማሚ ያጠበውን አንሶላ አጥር ላይ እያሰጣ ነበር። ከዚያ ተነሥታ ወደ ገምጋሚው ሄደችና የት ልፈርም አለችው።

ፈቀደች። ስሟን ጽፋ ፈረመች። ጉዳዩ ከቅጹ ላይኛው ክፍል ተጽፏል፤ ጥያቄው፣ የተገኘው፣ የተቀየረው ውሳኔ። ከሥር አንድ መስመር ቀርቷል። በተቀየረው ውሳኔ የበሽተኛዋ ሁኔታ ይላል፤ ተሻሽሏል፣ አልተሻሻለም። ሳጥኖቹ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው።

ገምጋሚው በብዕሩ ጫፍ አሳያት። የማይጠቅም ቀዶ ጥገና መቅረቱ በእኛ መስፈርት እንደ መሻሻል ይቆጠራል አላት። እዚህ ጋ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው አለ። ደግ ሰው ነበር። ሳጥኑ እንዲሞላ እንደፈለገ ያስታውቅ ነበር።

«ብትቀደድ ምን ትሆን እንደነበረ አላየሁም» አለች ልጄ። «ይሄን እኔ አላደርገውም።»

ባል በቃል የመሰከረ ስለሆነ እሱም ሊሞላው ይችላል አለ ገምጋሚው። ብዕሩን ወደኔ አዞረው። እትዬ ያን ጊዜ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታን ጠዋት የደረደርኳቸውን መጻሕፍት እንደገና ማስተካከል ያዘች።

ብዕሩን ተቀበልኩ። የባለቤቴን የመጨረሻ ሳምንታት አሰብኩ። ያየሁትን ነው ያሰብኩት። አንዳንድ ጠዋት ትራስ ደግፋ ሻይ ትጠጣለች፤ የጎረቤቱን ሬዲዮ እየሰማች ይሄ ሰውዬ ዛሬም ያንኑ ዜና ነው ወይ ትላለች። አንዳንድ ቀን ግድግዳውን በጥፍሯ ትቧጭራለች። አንዴ በወንድሟ ስም ጠራችኝ፤ አቤት አልኳት። ልጄ የሰፋችላትን የሌሊት ልብስ ለብሳው ነበር፤ አዝራሩ ይመቻል አለች። ይህ ሁሉ ከየትኛው ሳጥን እንደሚገባ ፈለግሁ።

«አይታወቅም የሚባል ቦታ አለው?» አልኩት።

የለውም አለ። ባዶ ሊቀር ይችላል፣ ባዶ ከቀረ ግን ጉዳዩ እንዳልተረጋገጠ ነው የሚቆጠረው። ይህን ሲል እኔን ሳይሆን የእትዬን ጀርባ ነበር የሚያየው።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «የማላውቀውን አልሞላም።»

ከላይ አልጋ ሲጎተት ይሰማል። እትዬ ሳትዞር፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በሁለት እጇ እንደያዘች፣ «እኔም ብሆን አልሞላውም ነበር፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነው። መጽሐፉን ቦታው መለሰችው።

ገምጋሚው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ዛሬ እዚህ ያየሁትን አስተያየት ከሚለው ቦታ ላይ እጽፈዋለሁ አለ። አስተያየት ግን ነጥብ የለውም፣ በነጥብ ወድቃችኋል፣ ክፍሉን ይወስዱታል፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ብዬ ነው አለ። እትዬ አመሰገነችው። በሩ ድረስ ሸኘችው። ስትመለስ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ የትኞቹን መጻሕፍት የት ማሳደር እንደሚቻል ጠየቀችኝ። መዝገብ ቤቱ እርጥበት አለው አልኳት። እንግዲያውስ ላይኛው ኮሪደር ላይ እንለምን አለች።

ልጄ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። አብረን ወጣን። ዘበኛው ደህና እደሩ አለን፤ አልቀለደም። አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ሰው ብዙ ነበር። ከሰልፉ መጨረሻ ቆምን።

«ሞልተኸው ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ አላናግርህም ነበር፣ አባዬ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ሰልፉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ለኔ ብለህ ነው የተውከው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ደስ እንደሚላት ከአጠያየቋ ያስታውቃል።

«አይደለም» አልኳት።

ወደ መንገዱ ዞረች። ቀጥሎ እንደወትሮው ዝም ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻይ ጠጥተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጠዋት ጠጥቻለሁ አልኳት። ጠዋትማ ጠዋት ነው አለች። አውቶቡሱ መጣ፤ ሞልቷል። ቀድማ ገባችና ክንዷን ዘርግታ የምቆምበት ያዘችልኝ።