ጤዛ እንዳይነካው

አሰጋሽ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ቴሌስኮፑና ካሜራው የውሰት ናቸው፤ ያዋሷት የአዲስ አበባ ሰዎች ትዕግሥታቸው አልቋል። ባለፈው ጊዜ፣ የጠፈር ድንጋይ ጨረቃን ሲመታ የፈነጠቀ ብርሃን ነው ብላ የላከችላቸው የሳተላይት ነጸብራቅ ሆኖ ተገኘና መሳቂያ ሆነች። እስከዛሬ ምሽት አንድ እውነተኛ ብልጭታ ካላመጣች ነገ ዕቃውን አሽጋ ትመልሳለች። የሚዛን ደመና ደግሞ እንኳን ጨረቃን ጎረቤትንም አያሳይ።

ዛሬ ግን ጠራ። ፀሐይ ባልበራበት የጨረቃዋ ክፍል አንዲት ነጥብ ቦግ ብላ ጠፋች። አሰጋሽ ቪዲዮውን ምስል በምስል እየመለሰች ብታይ ነጥቧ ያለችው በአንዱ ምስል ላይ ብቻ ነው። ምናለ በሁለት ምስል ላይ ብትታይ! ከጠፈር የመጣ ጨረር ካሜራውን ሲመታም እንዲሁ አንዲት ነጥብ ጥሎ ይሄዳል። ሁለት ከተማ ያሉ ካሜራዎችን ግን በአንድ ቅጽበት፣ እዚያው ቦታ ላይ አይመታም። ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ ቴፒ ነው፤ ባልደረባዋ ናስረዲን ሁለተኛውን ካሜራ እናቱ ግቢ ተክሎታል።

ደወለችለት።

"ናስሩ፣ በእናትህ፣ ቀርጿል በለኝ።"

"ቀርጿል። ቆይ ልክፈተው።" ከፍቶ አየው። "አስጌ... ጥቁር ነው። ከመጀመሪያው ትንሽ በቀር ሁሉም ጥቁር ነው።"

ካሜራው የቆመው ቡና ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ አጠገብ ነው። ሌላ ጊዜ ናስረዲን ከጎኑ አይጠፋም ነበር፤ ዛሬ ቀረጻውን አስጀምሮ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። እናቱ እማማ ጀውሃራ እንደ ወትሯቸው ሲመሽ ቡናውን ጤዛ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፈኑ። የልጃቸው ዕቃ ራቁቱን ቆሞ ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም፤ የተረፈውን ላስቲክ አለበሱት።

"ብልጭታውን በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ልጻፍ" አለ ናስረዲን። "ማን ሊያጣራ?"

አሰጋሽ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሺ ልትል ምንም አልቀራት።

"እኔ ራሴ እኮ ነጥቧ እውነት ትሁን ውሸት አላውቅም" አለች። "ካሁን በኋላም አላውቅም።" ከዚህ በላይ ያቃጠላት ነገር አልነበረም።

እናትየው ስልኩን ተቀበሉት።

"አሰጋሽዬ፣ ይሄ ልጅ ፊቱ ጠቆረብኝ። ዕቃችሁን ጤዛ ነካው እንዴ?"

እንባዋ እየወረደ ድምጿን አስተካከለች።

"አልነካውም፣ እማማ። ደረቅ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።"

"እሰይ። ነገም እሸፍንልሻለሁ፣ አታስቢ።"

አሰጋሽ ስልኩን ዘግታ ማሸጊያ ካርቶን ፍለጋ ተነሳች።