በጉንጭ የተያዘ ዳዶ

አባቷና አጎቷ ከተኳረፉ ወዲህ ጡሩምባ ሥራ በዝቶባታል። ጡሩምባ ያሏት አፏ አርፎ ስለማያውቅ ነው፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ግቢ እየኖሩ፣ አንድ ጋራዥ እየሠሩ የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ብቻ ነው። «ለአባትሽ ንገሪው» ይላል አጎቷ፣ አባቷ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ። «ሰምቷል በይው» ይላል አባቷ። እሷም ታደርሳለች፤ አንዳንዴ መንገድ ላይ ትንሽ ጨው ጣል ታደርግበታለች እንጂ።

የጠቡ መነሻ ወንድ አያቷ ትተውት የሞቱት መኪና ነው። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራ የለሽ፣ አፍንጫው ረዘም ያለ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። ዕድሜው ከአባቷ ይበልጣል፣ አመሉ ግን ከሕፃን ይብሳል። አንድ ቀን ወንድማማቾቹ ተሳፍረውበት ሲሄዱ ከኋላ «ቀጭ» አለና ቆመ። የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘው አክስል ውስጥ የማርሽ ጥርስ ተሰብሯል። ማን ሰበረው? መሪውን ይዞ የነበረው አባቷ፣ ቶሎ በል እያለ ያጣደፈኝ ወንድሜ ነው አለ። አጎቷ ደግሞ ፍሪሲዮን እንደ በረሮ የሚረግጥ ሰው ሌላውን አይክሰስ አለ። ከዚያ ወዲያ ጭጭ።

ዛሬ ጠዋት እማማ፣ የሁለቱም እናት፣ እርጥብ አንሶላ ኮፈኑ ላይ እያሰጡ ቁርጡን ተናገሩ። የልብስ ማስጫ ቦታቸውን የያዘው ይህ ሬሳ ዛሬ አክስሉ ወጥቶ ጥገናው ከተጀመረ፣ ተጀመረ፤ ካልሆነ ነገ ብረት ገዢው መጥቶ ይወስደዋል።

ጡሩምባ ቆሞ መሄድ የተማረችው የዚያን መኪና መከላከያ ይዛ ነው። መንዳት የምትማረውም በእሱ እንደሆነ ለክፍል ጓደኞቿ አውርታ ጨርሳለች።

ሥራው ተጀመረ። የመኪናው ኋላ ተነሥቶ የብረት እግሮች ላይ አረፈ፣ ጎማዎቹ ወለቁ፣ ከአክስሉ ሥር ማንሻ ክሪክ ገባ። አባቷ በግራ፣ አጎቷ በቀኝ በጀርባቸው ተንጋለሉ። ጡሩምባ መሀል ላይ ተንበርክካ ወሬ ታመላልሳለች። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ካርዳን ተፈታ፣ የፍሬን ዘይቱ ቱቦ ተነቀለ። ቀጥሎ አክስሉን ከመኪናው ተሸካሚ ባሌስትራ ጋር አጥብቀው የያዙት ብሎኖች ተራ ደረሰ።

ሟቹ አያት «መሬት ላይ ያስቀመጥከውን ዳዶ መሬት ይውጠዋል» ይሉ ነበር። ስለዚህ በዚህ ቤት ከብሎን የተፈታ ዳዶ ጠረግ ተደርጎ ጉንጭ ውስጥ ይገባል፤ የዘይቱን ጣዕም ሁሉም ለምዶታል። ዛሬ ግን ሁለቱም መልእክት ለመላክ አፋቸው ያስፈልጋቸው ነበርና የፈቱትን ለእሷ አቀበሏት። ኪስ ነበራት። ትንሽ አሰበችና አንድ በአንድ ጉንጯ ውስጥ ከተተቻቸው። ስምንተኛው ሲገባ ፊቷ እንደ ተነፋ ጎማ ሆነ።

አክስሉ ከባሌስትራው ላይ ተነሣ። በግራ በኩል በአግድም ሾልኮ እንዲወጣ አንዱ መግፋት፣ ሌላው መሳብ አለበት። ትንሽ ሄደና ቆመ።

«ለአባትሽ ሳበው በይው» አለ አጎቷ።

ጡሩምባ ጉንጯን በጣቷ ጠቆመች።

አባቷም ለአጎትሽ ምን ነካህ በይው አላት። አሁንም ጉንጯን ጠቆመች። ሁለቱ በየፊናቸው ታገሉ፤ አክስሉ ክሪኩ ላይ ተንገዳገደና ወደ አጎቷ ደረት አዘመመ።

«ጋሼ፣ ያዘው!» አለ አባቷ ታላቅ ወንድሙን።

«ይዤዋለሁ። እጅህን አውጣ።»

 እማማ አንሶላቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ምንድን ነው የያዘው?» አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

«የእጅ ፍሬኑ ሽቦ። አልፈታኸውም እንዴ?»

«አንተ የፈታኸው መስሎኝ።»

«እኔም አንተ የፈታኸው መስሎኝ ነዋ።»

አባቷ ሳቁ አመለጠው። ሽቦው ተፈታ። «ግፋ»፣ «ቆይ»፣ «ወደ ላይ»፣ «አይ ያንተ ላይ» እየተባባሉ አክስሉን አውጥተው መሬት ላይ አጋደሙት። ወዲያው ክዳኑን ከፍተው የተሰበረውን ጥርስ አዩና ጠቡ እንደ አዲስ ተነሣ፤ በረሮውም ጥድፊያውም ተጠራ። ግን ፊት ለፊት፣ በገዛ አፋቸው። እማማ ይህን ሲሰሙ አንሶላዎቹን ከኮፈኑ ላይ ሰብስበው የልብስ ማስጫ ገመዱን ማዶ ግድግዳ ላይ ማሰር ጀመሩ።

ጡሩምባ ዳዶዎቹን መዳፏ ላይ ተፋች። አባቷ ቆጠረ፤ ሰባት።

«አንዱስ?»

ትከሻዋን ሰበቀች።

«ዋጥሽው?» አለ አጎቷ ደንግጦ።

አልዋጥኩም በሚል ጭንቅላቷን ወዘወዘች። ሁለቱም በአራት እግራቸው መኪናው ሥር ገቡ። አንተ ጥለኸው ነው፣ የለም አንተ ነህ፣ ጋሼ እግርህን አንሣ፣ ራስህ አንሣ ተባባሉ፤ ግንባር ለግንባርም ተጋጩ።

ጡሩምባ ዳር ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ስምንተኛውን ዳዶ ልትተፋው አሰበችና ትንሽ ይፈልጉ ብላ በምላሷ ወደ ሌላኛው ጉንጯ ገፋችው።